ከፉሪ ተነስቶ ጅቡቲን በአንድ ቀን ማየት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ፉሪ ነው። የባቡሩ ጡሩምባ ቤታችን ድረስ ይሰማል። እናቴ 67 ዓመታቸው ነው። ድሬዳዋ ነው ያደጉት፤ ባሕር ግን አይተው አያውቁም። የ9 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ነሐሴ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሦስታችን ዓርብ ማታ በባቡር ተነስተን፣ ቅዳሜን ጅቡቲ ውለን፣ እሁድ ብንመለስ ብዬ አስቤያለሁ። በዚያች አንድ ቀን ቀይ ባሕርን፣ ወደቡንና መርከቦቹን፣ ገበያውን፣ ከቻልንም አሳል ሐይቅን ማየት እንፈልጋለን። ይቻላል? ቀኑንስ እንዴት እንከፋፍለው? እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ።»

እንዳሰቡት አይሆንም። ችግሩ ግን ቀኑ አንድ መሆኑ አይደለም። ጅቡቲ ከተማ አንድ ቀን በደንብ ትይዛለች። ችግሩ ወሩ ነው፣ ባቡሩን ያሰቡበት መንገድ ነው፣ አሳል ነው። ከወሩ ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

እኛ በዚህ በኩል ነሐሴን የምናውቀው በጭቃና በብርድ ነው። ልጅ ሹራብ ደርቦ ይውላል። ሞቅ ወዳለ አገር ወርዶ መምጣት የሚያምረን በዚህ ወር ነው። ጅቡቲ ግን ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ሌሊቱም ከ30 ብዙ አይወርድም። በዚያ ላይ አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስ አለ፤ ካምሲን ይሉታል። ፊት ላይ ሲመታ የምጣድ ክዳን የተነሳ ያህል ነው። አቅም ያለው የጅቡቲ ሰው በእነዚያ ወራት ከተማውን ለቆ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረር፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። እርስዎ ሊወርዱ ባሰቡበት ሰሞን እነሱ ወደ እኛ እየመጡ ነው ማለት ነው።

ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግን ሌላ አገር ነው። ቀኑ 29 ዲግሪ አካባቢ፣ ሌሊቱ 22 እና 23 ይሆናል። የልጁ ትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት የሚሰጠው በዚሁ ወቅት ስለሆነ እሱን ይጠቀሙ። የገና ሰሞንም ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመው ይዩ። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት ወደ ጥርና የካቲት እየመጣ ነው። በጾሙ ወር ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ዝግ ነው፣ የከተማው ሰዓትም ይገለበጣል። ከአረጋዊትና ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው አይመችም።

29 ዲግሪ ሲባል ደግሞ እናትዎ «እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ሙቀት ምን ያደርገኛል» ሊሉ ይችላሉ። የድሬ ሙቀት ደረቅ ነው፤ ላብ ወዲያው ይተንና ሰውነት ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ላቡ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ሰውነትም አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ቁጥር ያንኑ ያህል ቢሆንም ድካሙ ይለያል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ደግሞ ሰውነት ውኃ እንዲያስወጣ የሚያደርግ ነው። ከላብ ጋር ሲደመር ማዞርና ሲነሱ መውደቅ ያመጣል። ከመሄዳችሁ በፊት የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘው ሐኪማቸውን ያማክሩ። በራስ ውሳኔ ማቆምም ሆነ መቀነስ የለም። ኪኒኑ ከእጅ ቦርሳ አይውጣ፤ ከጉዞው ቀን በላይ የሚበቃ መጠን ይያዙ።

ወደ ባቡሩ ልምጣ። ጡሩምባው ከቤት ስለሚሰማ ጅቡቲም ቅርብ ይመስላል። ሐዲዱ ግን ከሰበታ እስከ ናጋድ፣ ማለትም እስከ ጅቡቲ ከተማ ጣቢያ፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እርስዎ የሚሳፈሩበት የፉሪ-ለቡ ጣቢያ ከዚህ ላይ የሚቀንስልዎ ጥቂት ብቻ ነው። ማታ ተሳፍረው ጠዋት ባሕር ላይ የሚነቁበት ባቡርም አይደለም። የሚነሳው ጠዋት ነው፣ በየቀኑም አይሄድም። ድሬዳዋ አድሮ በማግስቱ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ያለ ማደር ቢሄድ እንኳ ሙሉ ቀኑን ይበላል። ግመል ወይም ከብት ሐዲድ ላይ ከወጣ ይቆማል፣ ኃይል ከተቋረጠም ይቆማል። ፕሮግራሙ ስለሚለዋወጥ ካለፈው ዓመት ተጓዥ የሰሙትን ቀንና ሰዓት አይመኑ። ጣቢያው ለእርስዎ የአጭር ርቀት መንገድ ነው። በአካል ሄደው ይጠይቁ። ስንት ቀን በሳምንት እንደሚሄድ፣ ድሬዳዋ ያድር እንደሆነ፣ መመለሻውም መቼ እንደሆነ አንድ ላይ ያረጋግጡ። ብዙ ሰው የመሄጃውን ብቻ ጠይቆ ይመጣና በመመለሻው ይቸገራል።

እናትዎ የሚያውቁት ባቡር ሌላ መሆኑንም አስቀድመው ይንገሯቸው። የድሮው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ የደረሰው፣ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ የገባው ነው። ድሬን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። ጣቢያውም መሃል ከተማ ነበር። አሁን የምንሳፈርበት በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው ነው። የድሬዳዋ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ የልጅነት ሰፈራቸውን ከመስኮት አያዩትም። ይህን ሳያውቁ ሄደው፣ መስኮቱን ይዘው ሲጠብቁ ቆይተው፣ ባቡሩ ሜዳ ላይ ሲቆም ፊታቸው ሲወድቅ ያየኋቸው አረጋውያን አሉ። አስቀድሞ ማወቅ ያን ኀዘን ያስቀራል።

ይህን ሁሉ ብዬም ባቡሩን ተዉት አልልም። ስንሄድ በባቡር፣ ስንመለስ በአውሮፕላን፤ ምክሬ ይህ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነስቶ እስከ ባሕር ወለል መውረድን ዓይን የሚያየው በባቡር ብቻ ነው። ልጁ መተሐራ ላይ ባቡሩ የበሰቃን ሐይቅ ሲያቋርጥ ያያል። ከአዋሽ በኋላ ግራር፣ ከድሬ በኋላ ድንጋይና ግመል ነው። ጠዋት የለበሰው ሹራብ አንድ በአንድ ይወልቃል። አዲጋላን ሲያልፉ ያሳዩት፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ከዚያ አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ መሄድ ጀምሯል። ሆቴል ገብቶ ቧንቧ ሲከፍት የሚወርደው ውኃ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ለመጠጥ ግን የታሸገውን ይግዙ።

ለመመለሻ አውሮፕላን ያልኩት ለምቾት ብቻ አይደለም። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ባሕር ዳር የዋለ አረጋዊ ሰውነት በማግስቱ አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ ይከብደዋል። ገንዘቡ ካልፈቀደ በሁለቱም መንገድ በባቡር ይሁን፣ ግን ጉዞውን ከሦስት ቀን ወደ አምስት ቀን ያስረዝሙት። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት የባቡር ጉዞና አንድ የሽርሽር ቀን ማጨቅ እናትዎን ይጎዳል። ይህን እንዳያደርጉ።

ወረቀቱን በአጭሩ። ሦስታችሁም ፓስፖርት ያስፈልጋችኋል፤ ልጁም ጭምር። መታወቂያ ድንበር አያሻግርም። ቪዛውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ስለሚወጣ የልደት ምስክር ወረቀቱንና የአባቱን የተረጋገጠ ፈቃድ መያዝ ይሻላል። ቅጽ ሲሞሉ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን አይርሱ።

ሰዓቱም እንዲሁ። ጅቡቲና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም፣ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። ከቀትር በኋላ እነሱ «አንድ ሰዓት ተኩል» ሲሉ እኛ ሰባት ሰዓት ተኩል የምንለውን ማለታቸው ነው። እዚያ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ነጋዴ ወይም ሾፌር ደግሞ በእኛም በእነሱም ሊቆጥር ይችላል። ቀጠሮ ስትይዙ «ፀሐይ ሳትወጣ»፣ «ከምሳ በኋላ» ብላችሁ አረጋግጡ። እዚህ ምላሽ ውስጥ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛው አቆጣጠር ነው።

አሁን ወደሚታየው ነገር። በመጀመሪያ፣ ጅቡቲ ከተማ ቀይ ባሕር ላይ አይደለችም። ያለችው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ ነው፤ እሱም ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይከፈታል። ቀይ ባሕር የሚጀምረው ወደ ሰሜን፣ ባብ ኤል መንደብ የሚባለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አልፎ ነው። ይህን የምለው ደስታዎን ለመቀነስ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሶ «ቀይ ባሕርን አየሁ» እንዳይል ነው። ውኃው ያው ጨው ነው፣ ያው ሰማያዊ ነው።

ወደቡን በተመለከተ፣ መግባት አይታሰብም። አብዛኛው የአገራችን ገቢና ወጪ ዕቃ የሚያልፍበት ስለሆነ «የእኛው ወደብ» የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለጎብኚ የተከፈተ በር ግን የለውም። ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች የሚቆሙትም መሃል ከተማው አጠገብ ሳይሆን ዶራሌ ነው። ክሬኖቹን ከሩቅ ታያላችሁ፤ ለልጁ ያ ይበቃዋል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ወደቡን፣ አየር ማረፊያውን፣ ድልድይን፣ የመንግሥት ሕንፃን፣ ወታደርን ፎቶ አታንሱ። በዚያች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ጦር አለ። አጥሩ ሁሉ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ልጁ ስልክ ይዞ ከታክሲ መስኮት ዝም ብሎ ሊያነሳ ይችላልና ከመነሻው ይንገሩት።

አሳል ሐይቅን ከዚህ ቀን ያውጡት። ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ፣ ከአፍሪካ ምድር ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ነው። መሄድ፣ ጨው ላይ መቆም፣ መመለስ ብቻውን አንድ ቀን ነው። ጥላ የለም። ዙሪያው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ሙቀቱን ይዞ ይመልሳል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ የ67 ዓመት እናት አልመክረውም። ልጁ ሲያድግ ይሂድበት። ከባሕሩ ማዶ የሚታዩት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶችም ለመዋኘት ከከተማው ዳርቻ በጣም ይሻላሉ፤ ግን በጀልባ ናቸው፣ ነፋስ ካለ ያንገላታሉ፣ ቀኑንም ይወስዳሉ። ሁለተኛ ቀን ካለዎት እነሱን ነው የምመርጠው።

ስለ ቀኑ አከፋፈል ዋናው ነገር ይህ ነው። የጅቡቲ ቀን አንድ ቀን አይደለም። ሁለት ግማሽ ቀን ነው፤ መካከሉ ባዶ ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ከተማው ይዘጋል። ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ሰባት ሰዓት አካባቢ ከእኛ አገር የሄደው ጫት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ታክሲ ነጂውም ነጋዴውም ሐሳቡ እዚያ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት ሰዓት ላይ ቁርሱን በቀስታ በልቶ፣ አምስት ሰዓት ላይ ይወጣና ልክ ሁሉም ሲገባ እሱ ፀሐይ ላይ ይቀራል። «ጅቡቲ ምንም የላትም» ብሎ የሚመለሰው ያ ሰው ነው።

እንግዲህ ዋዜማውን ማታ ደርሳችሁ እደሩ። ናጋድ ጣቢያ ከመሃል ከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ ታክሲ ያስፈልጋል። ሆቴሉ አየር ማቀዝቀዣ ያለውና መሃል ከተማ ያለ ይሁን። ርካሽ ብላችሁ ባልባላ ወይም ሌላ ዳር ብታድሩ ያተረፉትን ታክሲ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናትዎ በቀትር የሚጋደሙበት ክፍል ቅርብ መሆን አለበት።

በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከክፍላችሁ ውጡ። ከከተማው በምሥራቅ በኩል ላ ሲየስታ የሚባል ዳርቻ አለ። ፀሐይ ከባሕር ውስጥ ስትወጣ የሚታየው ከዚያ ነው። በጥር ወር 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ለመዋኘት የሚሆን ዳርቻ አይደለም፤ ለመራመድና ለማየት ነው። በዚያ ሰዓት ነፋሱ ለስላሳ ነው፣ አሸዋው ገና አልጋለም፣ የአካባቢው ሰዎች ይሮጣሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ። ለእናትዎ የሚቀመጡበት ነገር ይያዙ። ከዚያ አይቸኩሉ፤ የመጡት ለዚህ ነው። አንድ ጊዜ ይዣቸው የሄድኩ የደብረ ብርሃን እናት ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ ብለው በእጃቸው ውኃ ዘገኑ፣ በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት፣ ዝም ብለው ቆዩና «ለካ እውነት ነው፣ ጨው ነው» አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰሙት የኖሩት ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጀመሪያውን ሰዓት ለባሕሩ ብቻ እተዋለሁ፤ ሌላ ምንም አልጨምርበትም።

ግን ባሕሩ እዚያ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ለደጋ ሰው እንግዳ ነገር ነው። ላንጋኖ ወይም ቢሾፍቱ ያየነው ውኃ ጠዋትም ማታም አንድ ቦታ ይጠብቀናል። ባሕር ግን ይሸሻል። ጨረቃ ትስበዋለች፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይገፋል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ደግሞ ልዩነቱ ይበዛል። ከተማው ዳር ያለው ባሕር ጥልቀት ስለሌለው ውኃው ሲጎድል ሩቅ ይሄድና ዳርቻው ጭቃ ይሆናል። ይህን በደንብ ባልያዝኩበት ዘመን አንድ ቤተሰብ ይዤ በንጋት ደረስኩ። ፊታችን ረግረግ ብቻ ነበር። ትንሿ ልጅ እጄን ይዛ «ባሕሩ የት ሄደ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ከሆቴሉ በፊት የማየው የሙላትና የጉድለት ሰዓቱን ነው። ስልክ ላይ በቀላሉ ይገኛል። የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ብቻ ልብ ይበሉ። የመረጡት ቀን ንጋት ላይ ውኃው ሙሉ ወይም እየሞላ ካልሆነ ጉዞውን በአንድ ሳምንት ይግፉት። ለእናትዎ የመጀመሪያ ባሕር ይህን ያህል ጣጣ ይገባዋል።

ከባሕሩ በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ቁርስ ብሉ። ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ገበያ። ማዕከላዊው ገበያ ያለው በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ነው። ነጩ መስጊድ ከሩቅ ስለሚታይ መጥፋት የለም። ድንችና ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙና ሙዙ አብዛኛው ከእኛ አገር የወረደ ነው። አማርኛ የሚሰማ ሻጭም አያጡም። እናትዎ እዚህ ደስ ይላቸዋል፤ ዋጋ ይጠይቃሉ፣ ይገረማሉ። ዛጎልና የባሕር ድንጋይ መስሎ የሚሸጠውን ኮራል፣ የኤሊ ቅርፊትም አይግዙ። ከባሕር መወሰድ የሌለበት ነው፣ ጉምሩክ ላይም ያስይዛል። አራት ተኩል ሲሆን እናትዎ «ትንሽ እንቆይ» ቢሉም ይመለሱ።

ከዚያ እስከ አሥር ሰዓት ክፍል ውስጥ ናችሁ። ምሳ እዚያው ወይም ደጅ ላይ፣ ከዚያ እንቅልፍ። ይህን ክፍተት የባከነ ቀን አድርገው አይዩት። በቀትር ያረፈ ሰው ነው ማታ ከተማዋን የሚያየው።

ለአሥር ሰዓት ሁለት ምርጫ አለዎት። ከከተማው ወጣ ብሎ የአቦሸማኔና የሌሎች እንስሳት መጠለያ አለ፤ ዴካን ይባላል። ከሕገወጥ ነጋዴ የተያዙ እንስሳት የሚጠለሉበት ነው። የሚከፈተው በሳምንት በተወሰኑ ቀናት፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ ሆቴሉን ደውሎ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ። ልጁ ይህን ይመርጣል። ሁለተኛው ሌስካል የሚባለው የጀልባ መቆሚያ ነው። የእንጨት ጀልባዎች ተደርድረው ይቆማሉ፣ ዓሣ አጥማጆች ይገባሉ፣ ማዶ የወደቡ ክሬኖች ይታያሉ። ፀሐይ የምትገባው በጥር 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ማታ ማድረስ አይቻልም። እኔ ሌስካልን እላለሁ፤ አያትና የልጅ ልጅ እኩል የሚያዩት ነገር እዚያ አለ፣ ሩቅም አይደለም። ጀልባ ላይ ለአጭር ዙር ብትወጡ መንሳፈፊያ ጃኬት ለሦስታችሁም ካልተሰጠ አትውጡ። በተለይ የልጅ ልክ የሆነ ጃኬት መኖሩን በዓይን አይታችሁ ነው።

ሲመሽ የየመን ዓሣ ብሉ። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ቀይ ቅመም ይቀባል፣ በምድጃ ግድግዳ ላይ ይጠበሳል። ጠርዙ ጠቆር ብሎ ይመጣል። አብሮት ሰፊ ስስ ቂጣ አለ፤ እየቆረሱ በእጅ ነው። ሙክባዛ የሚሉትን ከቂጣና ከማር የሚፈተፈተውን ጣፋጭ ለልጁ ይዘዙለት። ዓሣው በቁጥር ወይም በመጠን ስለሚሸጥ ሳይጠበስ ዋጋውን ጠይቁ። ከዚያ በእግር ወደ ምኒልክ አደባባይ። በይፋ ስሙ የ27 ሰኔ አደባባይ ነው፤ ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነጻ የወጣችበት ቀን ነው። ነዋሪው ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። ነጫጭ ቅስት ያላቸው የድሮ ቤቶች ከበውታል። ቀን ላይ ባዶ የነበረው ቦታ ማታ ሰው ይሞላል። እናትዎ ለስላሳ ይዘው የሚቀመጡበት ወንበር አይጠፋም።

ቀኑ ቅዳሜ መሆኑ ጥሩ ነው። እዚያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ዓርብ ግን ጸሎት ስላለ ብዙ ነገር ይዘጋል፤ ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ቢሆንም ገበያው አለ። ስለዚህ ዓርብ ደርሳችሁ፣ ቅዳሜን ውላችሁ፣ እሁድ ተመለሱ።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ። ብር ይዤ ሄጄ እመነዝራለሁ አይበሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ታስሮ ነው ያለው፤ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከጥቂት ሳንቲም ነው፣ አይወጣም አይወርድም። ለጉዞ የሚፈቀድልዎትን የውጭ ምንዛሪ ከባንክ በፓስፖርትና በቪዛ ይውሰዱ። ከተማዋ ውድ ናት። ሁሉም ነገር ከውጭ ስለሚገባ አንድ ጠርሙስ ውኃ እንኳ እዚህ ከለመድነው ይበልጣል። ታክሲዎቹ አረንጓዴና ነጭ ናቸው፣ ቆጣሪ የላቸውም። ዋጋ ሳትስማሙ አትግቡ፤ ሲመሽ ዋጋ ይጨምራል። የሆቴሉን እንግዳ ተቀባይ የተለመደው ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ ውጡ።

ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ጣቢያው ድረስ ሂዱና በጥር ዓርብ ጅቡቲ የሚደርስ ባቡር መኖሩን ጠይቁ። ካለ፣ ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት የዚያን ቅዳሜ ንጋት የባሕር ሙላት ሰዓት ተመልከቱ። ሁለቱ ከገጠሙ ቁረጡ። ወንበር ስትመርጡም ለእናትዎ የመስኮቱን ያዙላቸው።